«ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ»



በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ጸጥ ሲል ከዘመድ መካከል ድምፁ ደኅና የሆነው ወረቀቱን ይዘረጋል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ ቀድሞ በእገሌ አውራጃ፣ ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለው ስፍራ ተወለዱ» ይላል። ቀጥሎ የቄስ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ከዚያ ሥራው ነው፦ የተቀጠሩበት ዓመት፣ ማዕረጉ፣ የዘመቱበት፣ የተሸለሙት፣ ጡረታ የወጡበት። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ከሚለው በፊት ደግሞ አንዲት መስመር ትገባለች፦ «ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ።» ወረቀቱ ይታጠፋል።

ዛሬ ማታ የምናገረው ስለዚያች አንዲት መስመር ነው።

የባለቤቴ አባት ያረፉት ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ወረቀታቸውን የጻፈው የወንድማቸው ልጅ ሲሆን፣ ደኅና አድርጎ ጽፎታል። ስማቸውን ግን እዚህ አልጠራም። ልጆቻቸው፣ «ከጓዶቻቸው ለይታችሁ ብቻቸውን አታቁሟቸው፤ በሕይወት ሳሉም አይወዱትም ነበር» ብለውኛል። እኔም ሰፈሩ ሲጠራቸው እንደነበረው ሃምሳ አለቃ እላቸዋለሁ። ከእናንተም መካከል ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል ባሻ፣ ሻለቃ እየተባለ የሚጠራ አባት ወይም አያት ያለው ብዙ ነው፤ እግረ መንገዱን የራሱን ሰው ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ሃምሳ አለቃ የቃኘው ዘማች ነበሩ። ለወጣቶቹ ስል ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለአባል አገሮቹ የእርዳታ ጥሪ ሲያቀርብ ኢትዮጵያ ጦር ለመላክ ተስማማች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ያሰሙትን አቤቱታ የመንግሥታቱ ማኅበር ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎት ነበር። አንዱ ሲወረር ሌላው ይድረስለት የሚለው የጋራ ደኅንነት ሐሳብ ለኛ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሕዝብ ትዝታ ነበር። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በጣሊያን ዘመን ልጆች ነበሩ፤ አባቶቻቸውን በአርበኝነት ወይም በእሳት ያጡም ነበሩባቸው። «ለምን ሄዳችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የዛሬ ልጅ መልሱን እዚያ ይፈልገው።

ጦሩ የተመረጠው ከክብር ዘበኛ ነው። ቃኘው የሚለው ስሙም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በአሜሪካ መርከብ ተሳፈረ፤ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ቆይቶ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። የዘመቻው ጦር አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመደቡ። በየዓመቱ ተተኪ ሻለቃ ይሄድ ነበር፤ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል። የተኩስ አቁሙ ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተፈረመ።

ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ምርኮኞች ሲለዋወጡ ግን ኢትዮጵያዊ ምርኮኛ አልነበረም። አንድም አልተማረከም። የሞተ ጓድም ጥሎ መመለስ አልነበረም፤ አስከሬኑን ለማንሣት ሌላ ሰው ቢሞትም ይነሣል። የወደቁት ወደ አገራቸው ተመልሰው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፈዋል። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ ለኢትዮጵያውያን ቃፊሮች ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ በመኮንንና በተራ ወታደር መካከል ያለውን መተማመን ኮሪያ ከዘመተው ጦር ሁሉ አብልጦ ያደንቀዋል። የውጭ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው በክብር የተጻፈላቸው ሰዎች እዚህ በየሰፈራችን ወፍጮ ቤት ተራ ይጠብቁ ነበር።

ይህን ታሪክ ሃምሳ አለቃ እንዲህ አድርገው ነግረውኝ አያውቁም። አብዛኛውን ያነበብኩት ነው። እሳቸው የሚያወሩት ሌላ ነገር ነበር። ባሕሩን መጀመሪያ ሲያዩ አጠገባቸው የነበረው የመንዝ ልጅ፣ «ይኼን የሚሻገር ሰው ተመልሶ ይመጣል ብለህ ነው?» እንዳላቸው። በቆርቆሮ የታሸገው ምግብ ጨው እንጂ በርበሬ የሌለው መሆኑን። የበረዶውን ብርድ፤ ሌሊት ዘብ ቆሞ ጠዋት ጫማው ከእግሩ ጋር የተጣበቀውን ጓደኛቸውን። በየመንገዱ ባዶ እግራቸውን ቆመው እጃቸውን የሚዘረጉትን የኮሪያ ሕፃናት። «ልጆቹ አያለቅሱም ነበር» ይሉ ነበር፤ «የሚያለቅስ ልጅ ሰው አለው ማለት ነው፤ እነዚያ ማንም አልነበራቸውም።» የቃኘው ወታደሮች ከራሽናቸው እየቆጠቡ ሕፃናቱን ይመግቡ እንደነበር፣ በቶንግዱቾንም የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ እንዳቋቋሙ ዛሬ ኮሪያውያን ራሳቸው ይናገራሉ። ሃምሳ አለቃ ስለ ውጊያ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጡ ነበር፤ ስለ ሕፃናቱ ሲጠየቁ ግን አያቆሙም። ያኔ ገና ልጅ አልነበራቸውም፤ አባትነት የጀመራቸው እዚያ ይመስለኛል።

በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት አገቡ። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ከስድስቱ አራተኛዋ ባለቤቴ ናት።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በየክረምቱ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሌሊት ተነሥተው የልጆቹን ብርድ ልብስ እየዞሩ ያስተካክሉ ነበር። አንዱ እግሩ ከወጣ ይሸፍኑታል። ልጆቹ አድገው የራሳቸው ልጆች ከወለዱ በኋላም፣ ዘመድ ጥየቃ መጥተው ያደሩ እንደሆነ፣ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ባትሪ ይዘው ሲዞሩ ይገኛሉ። እሑድ ማታ የስድስቱን ጫማ በተራ ደርድረው በገዛ እጃቸው ቀለም ይቀቡ ነበር። ሚስታቸው፣ «ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት እንጂ፣ ምን ያዋርድዎታል?» ሲሏቸው፣ «ጫማ ያልታየለት ወታደር እግሩን ያጣል» ይሉ ነበር። ራት ሳይቀርብ ስም ይጠራል፤ አንዱ ከቀረ ማንም አይቆርስም። ሦስተኛው ልጅ አንድ ቀን ኳስ ሜዳ አምሽቶ መጥቶ ቤተሰቡ ሁሉ ሌማቱን ከብቦ ሳይበላ ሲጠብቀው ስላገኘ፣ «ከዱላ የባሰ ነበር» እያለ እስከ ዛሬ ያወራል።

እንዲህ ስናገር ቅዱስ ያደረግኳቸው እንዳይመስላችሁ። ቁጡ ነበሩ። ልጅ ፊት ለፊት ማመስገን ያቅታቸው ነበር፤ አንደኛ የወጣ ልጅ ካርዱን ሲያሳያቸው ሁለተኛ የወጣው በስንት ነጥብ እንደተበለጠ ይጠይቃሉ። ወንዶቹን ቀበቶ አሳይተዋቸዋል። ሴት ልጅ ማታ ከቤት ስትወጣ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ለጠረፍ ጠባቂ የሚሰጥ ይመስል ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ሚስታቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ በር ዘግተው አረቄ ይጠጡ ነበር፤ ያን ቀን ማንም አይጠጋቸውም። ዛሬ ሐኪሞች የጦርነት ጠባሳ የሚሉት ነገር ያኔ በኛ ዘንድ ስምም ሕክምናም አልነበረውም። ሸክሙን የተሸከሙት ሚስታቸው ናቸው፤ ስለ እሳቸው ገና እናገራለሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ በር እያንኳኳ ቤታቸው ገብቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ክብር ዘበኛና ምድር ጦር አዲስ አበባ ውስጥ ተታኮሱ። ክብር ዘበኛን ያሠለጠኑትና ያሳደጉት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ታግተው ከተገደሉት አንዱ ሆኑ። ተራው ወታደር የታዘዘውን ሰምቶ የወጣ ነበር፤ ለማንና በማን ላይ እንደወጣ ብዙው ያወቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሃምሳ አለቃ ጥቂት ወራት ታስረው ተለቀቁና ወደ ሐረር ተዛወሩ። ኮሪያ የዘመተ ሰው ሜዳይ በአንድ ሌሊት መጠርጠሪያ ሆነ። ሚስታቸው ሦስት ልጅ ይዘው ተከተሏቸው፤ ከሐረሩ ቤት ጣሪያው ያፈስ እንደነበር እንጂ ሌላ ነገር አያስታውሱም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ኅዳር 14 ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣኖች መካከል ፑሳን ያወረዷቸው አዛዥ፣ ያኔ ሌተና ጄኔራል የነበሩት ከበደ ገብሬ ይገኙበታል። አዲሱ መንግሥት ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። በ1977 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና የተመረቀውን የትግላችን ሐውልት ስትመለከቱ አስቡት፤ በሥራው ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ለደቡብ ኮሪያ የተዋጋ ሰው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ምን ይሰማው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ሃምሳ አለቃ ያኔ ጡረታ ወጥተው የፋብሪካ ጥበቃ ሆነው ነበር። ሜዳያቸውንና ፎቶግራፎቻቸውን በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፈው ጓዳ፣ ከጠላ ጋኑ ጀርባ ደበቁት። ልጆቹም ትምህርት ቤት «አባትህ የት ዘመተ?» ሲባሉ «ሐረር» እንዲሉ ታዘዙ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ኮሪያ የሚባል ቃል አልተነሣም። ታሪኩ ከቀብር ወረቀት በፊት በቤት ውስጥ የተቆረጠው እንዲህ ነው፤ ልጆቹ አልጠየቁም ብለን ስንወቅስ ይህን ልንረሳ አይገባም።

አሁን የምነግራችሁን ልንገር ወይስ ልተው ብዬ አስቤበታለሁ። ባለቤቴ ንገር ብላኛለች።

የመጀመሪያው ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ማታ ተወሰደ። እናቱ በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ጀመር። ስንቁ የሚገባ እስከሆነ ድረስ ልጁ አለ ማለት ነው፤ የዚያን ዘመን እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ስሌት ነው። አንድ ጠዋት ሳህኑ ተመለሰ። «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባሉ።

ሃምሳ አለቃ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ካፖርታቸውን፣ ክራቫታቸውን። በየበሩ ሄዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን ገደላችሁት አላሉም፣ ማን ገደለው አላሉም። ሬሳውን ስጡኝ አሉ። አልተሰጣቸውም። ማልቀስ ተከልክሏል፤ ድንኳን መትከል ወንጀል ነው። ጎረቤቱ በጨለማ አንድ በአንድ እየመጣ፣ እሳት እንደሚጭር፣ ወንፊት እንደሚዋስ ሆኖ ገብቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወጣ ነበር። ዕድሩ ሳይጠራ ነው ያ ሁሉ ሰው የመጣው።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ለቤቱ አማች ሆኜ አንድ ማታ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «የባዕድ አገር ተራራ ላይ የወደቀ ጓደኛዬን አልጣልኩትም። ተኩስ እየዘነበ ጎትቼ አምጥቼዋለሁ። ልጄን ግን የት እንደጣሉት አላውቅም።» ይህን ብለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ ሃምሳ አለቃ ወሬው በተሰማበት ሁሉ ይሄዱ ነበር። የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው በሥራው ረድተዋል፤ አንዳንድ ቤተሰብ የልጁን ሸሚዝ አውቆ፣ ጥርሱን አውቆ አጥንቱን ወስዶ ቀብሯል። የእሳቸው አልተገኘም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ሰማንያ አልፈው በከዘራ ሄዱ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች መካከል ልጃቸውን አዩ። ለረጅም ጊዜ ቆመው ከዚያ የግራና የቀኙን ልጆች ስም እያነበቡ፣ «የማን ናቸው?» እያሉ ጠየቁ። ጓዶቹ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ፈልገው ነበር።

አሁን ንገሩኝ። በቀብር ወረቀቱ ላይ «የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» ስንል የትኛውን ነው የቆጠርነው? አምስቱን ቢጽፉ ልጁን ይክዱታል፤ ስድስት ቢጽፉ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚናገር መስመር የለም። የወንድማቸው ልጅ ስድስት ብሎ ጽፏል፤ ትክክል አደረገ። ግን ያ ቁጥር ውስጥ ያለው ጦርነት ከኮሪያው የከበደና የረዘመ ነበር። ኮሪያ አንድ ዓመት ነው። አዛዥ አለ፣ ጓድ አለ፣ ምትክ ይመጣል፣ መርከቧ ትመለሳለች። ይህኛው ምትክ የለውም። እኔ ሃምሳ አለቃን ጀግና የምላቸው ከልጃቸው ሞት ማግስት ለቀሩት አምስቱ ጫማ ቀለም በመቀባታቸው ነው። ባለቤቴ ያን እሑድ ታስታውሰዋለች፤ ስድስት ጫማ ደርድረው ነበር አለችኝ።

በኋላ ዘመኑ ተቀየረ። የቆርቆሮው ሳጥን ወጣ። ከአዲስ አበባ ጋር በእኅትማማችነት የተሳሰረችው ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አላት፤ የመጀመሪያውን ሐውልት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. ሄደው መርቀውታል። እዚህም በአፍንጮ በር መታሰቢያ ተሠራ። የኮሪያ እንግዶች እየመጡ ጉልበት ስመው ያመሰግናሉ፤ ለዘማቾች ድጎማ፣ ለልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ኮሪያውያን ውለታ አይረሱም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ሃምሳ አለቃ ግን ከመታሰቢያው በዓል ተመልሰው ሜዳያቸውን እያወለቁ፣ «እነሱ የሚያመሰግኑኝ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ለሠራሁት ነው። እሱን ልጅ እኔም በደንብ አላውቀውም» አሉ።

ስለ ሚስታቸው እናገራለሁ ብያለሁ። እማማ ዛሬም በሕይወት አሉ። ደመወዝ ሲቀር እንጀራ ጋግረው የሸጡት፣ ሐረር የወረዱት፣ ስንቅ ያመላለሱት፣ አረቄው ቀን በሩ ላይ ቁጭ ብለው ልጆቹን ያራቁት እሳቸው ናቸው። የቆርቆሮ ሳጥኑን ያዳኑትም እሳቸው ናቸው። ፍተሻ ሲመጣ ጋኑን ጠላ ሞልተው ፈታሾቹን «ጠጡ» እያሉ ያስተናግዱ ነበር። በቀብሩ ወረቀት ላይ «ባለትዳር» የሚለው ቃል እሳቸውን መያዙ ነው። ሜዳይ የሰጣቸው የለም፤ ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም። የኮሪያ ዘማቾች ታሪክ ሲሰበሰብ የሚቀረጸው ባልየው ነው፤ ሚስት ቡና ታቀርባለች። እኔ በበኩሌ ይህን አካሄድ ጉድለት ነው እላለሁ። ዘማቾቹ እየተመናመኑ ጥቂት ቀርተዋል፤ ብዙዎቹ ሚስቶች ግን በዕድሜ ያነሱ ስለነበሩ ዛሬም አሉ። ግማሹ ታሪክ በእነሱ ዘንድ ነው።

ድሮ የነበረው ልማዳችን በዚህ ረገድ ከዛሬው ወረቀት የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ። ታላቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ወጥቶ ለቅሶው ላይ ይዞር ነበር፤ ፎካሪው ውጊያውን ይናገራል። ግን አልቃሿ ደግሞ ትነሣለች። እሷ የምታነሣው ሌላ ነው፦ ቤቱ ገብቶ ማንም ሳይበላ እንደማይወጣ፣ የማንን ወላጅ አልባ እንዳሳደገ፣ ሚስቱን እንዴት እንደያዘ፣ ሲቆጣም ምን እንደሚመስል። ፎካሪውና አልቃሿ አንድ ሰው ላይ ይቆሙ ነበር፤ የሟቹ ምስል ሙሉ የሚሆነው ከሁለቱ ነው። የቢሮ ቅጽ የሚመስለው ወረቀት ሲመጣ ፎካሪውን በሥራ ልምድ ተካነው፤ አልቃሿን ግን የተካ የለም። ሙሾ ይመለስ አልልም፤ ጊዜው አልፏል፣ ቤተ ክርስቲያንም ስትገሥጸው ኖራለች። አልቃሿ ትናገረው የነበረውን ግን አንድ ሰው ሊናገረው ይገባል።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አንድ አረጋዊ ዘማች ካለ፣ ኮሪያ ይሁን፣ ኮንጎ ይሁን፣ ኦጋዴን ይሁን፣ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁ። «ስንት ጠላት ገደሉ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ያንን ለልጁ አይናገርም፤ የሚናገረውም ብዙ ጊዜ ተጋንኖ የተጠና ነው። የሚበላው ምን እንደነበር፣ ደብዳቤ ማን ይጽፍለት እንደነበር፣ አጠገቡ የተኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሲመለስ በር ላይ የተቀበለው ማን እንደነበር፣ መጀመሪያ የገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ ጠይቁ። እናቲቱ ወደ ማጀት ሲሄዱ «እማማ ይቀመጡ» በሏቸው፣ ቡናውን ወጣቶች ያፍሉ። ስልካችሁ ይቀርጻል፤ ቀርጹ። ቁጣውንም ዝምታውንም አትቁረጡት።

ፎቶግራፎችን አውጡ። በጀርባው ላይ በእርሳስ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ የት እንደሆነ፣ ዓመቱን ጻፉ፤ ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ አንድ ትውልድ ካለፈ የማንም አይደለም። የምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ ሜዳይ ያላችሁ ለቅርስ ነጋዴ አትሽጡ፤ አትጣሉ። ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ተቋሙ ያለበት ቤት በ1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል ሙሉጌታ የተገደሉበት ያው ገነተ ልዑል ነው፤ ዛሬ ቅርስ ይጠበቅበታል። ዋናውን መስጠት ቢያሳሳችሁ ቅጂውን ስጡ።

ሲሞቱም ወረቀቱን የምትጽፉት እናንተው ናችሁ። ማዕረጉን ጻፉ፣ ዘመቻውን ጻፉ፤ መብታቸው ነው። «ባለትዳርና የዚህን ያህል ልጆች አባት» የምትለው መስመር ላይ ስትደርሱ ግን ነጥብ ለማድረግ አትቸኩሉ፤ የሚስቲቱን ስም፣ የልጆቹን ስም በሙሉ፣ የሌሉትንም ጨምራችሁ ጻፉ፤ አንድ ገጽ ቢጨምር ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል።